ቡላና የመሪጌታ ጉባኤ

የኔዓለም ባሏን መጀመሪያ ያየቻቸው መሬት ላይ ቁጭ ብለው ነው።

ያኔ መሪጌታ አካለ ወልድ ገና መሪጌታ አልነበሩም። ደበሎ የለበሱ፣ አኩፋዳ ያነገቱ ቀጫጫ የዜማ ተማሪ ነበሩ። አምበር አጠገብ፣ ከአባቷ ደጅ፣ ቁራሽ ሊለምኑ መጡ። የአባቷ ውሻ ጥጃ የሚያህል ጥቁር ነው። ከአጥሩ ወጥቶ ሲንደረደርባቸው እንደ ሌላው ሰው አልሮጡም። ዱላቸውን አጋደሙ፣ ደበሏቸውን ሰብሰብ አደረጉና መሬት ላይ ዘጭ አሉ። በዚያ ዘመን አገር ለአገር የሚዞር ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ ይኸው ነበር። ውሻ ሲመጣ ትቀመጣለህ፣ ዓይንህን ትጨፍናለህ፣ ውሻው ሲሰለቸው ይሄዳል።

ውሻው ከፊታቸው ቆሞ ይጮኻል፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ። የኔዓለም በአጥሩ ቀዳዳ አየችና ሳቋ መጣ። ውሻውን ቶሎ አልጠራችውም። ልጁ ፊቱ ያማረ ነበር፤ ትንሽ ልየው ብላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ክረምት መጥቶ ሄደ። መሪጌታ ደብረ ማርቆስ ከተማ ዳር ካለ አንድ ደብር ዜማ ሲያስተምሩ ኖሩ። ጠዋት ወጥተው ማታ ነው የሚገቡ። ቀኑን ሙሉ ቤቱ የየኔዓለም ነበር። ጥጧን ትፈትላለች፣ ከራሷ ጋር ታወራለች፣ ሲላት ታንጎራጉራለች። ዜማዋን የሚያርምባት የለም።

ካቻምና ግን ጉልበታቸው ያዛቸው። ሐኪሙ መርፌ ወጋቸው፣ ጠበልም ተጠመቁ፤ ጉልበቱ የደብሩን ዳገት አልወጣም አለ። ያን ክረምት ሙሉ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ። ምግብ ስታቀርብላቸው «አስቀምጭው» ይላሉ። ስትመለስ እንዳስቀመጠችው ታገኘዋለች። ዜማ ከአፋቸው ጠፋ። የኔዓለም እዚያው አጠገባቸው ቁጭ ብላ ግድግዳውን አብራ ታያለች። እሱ ግድግዳ ላይ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አልገባትም።

በመስከረም ልጃቸው መሲ ከባሕር ዳር መጣች። በአንድ እጇ አዲስ ስልክ፣ በሌላው እጇ ቦርሳ ይዛለች። ቦርሳው ውስጥ የሆነ ነገር ያስነጥሳል።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች የኔዓለም።

«ውሻ ነው እማዬ። ያከራየችኝ ሴትዮ ከነውሻሽ ውጭልኝ አለችኝ። ሌላ ቤት እስካገኝ እዚህ ይሁንልኝ።»

የኔዓለም ቦርሳውን ከፈት አድርጋ አየች። ከጆሮ በቀር ያን ያህል የሚታይ ነገር የለውም። ቀለሙ ቡላ ነው፣ መሲ ስሙንም ቡላ ብላዋለች።

«ሲያድግስ የት እናስረዋለን?»

«አድጎ ጨርሷል እማዬ።»

ስልኩ ደግሞ ለአባቷ ነው። ዜማ መማር የሚፈልግ ሰው በየከተማው ሞልቷል፣ ሥራውን ትቶ ደብረ ማርቆስ መምጣት ስላልቻለ ነው እንጂ፤ እርስዎ እዚሁ ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው ያስተምራሉ፣ እነሱ ባሉበት ሆነው ይሰማሉ፣ አለቻቸው። መሪጌታ ከግድግዳው ዞር አሉ።

«በስልክ? ሲሳሳት በምን እመታዋለሁ?»

«አይመቱትም አባባ። ይነግሩታል።»

«ተነግሮት የሰማ ተማሪ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እንዲህ ይበሉ እንጂ ሞከሩት። መሲ በቴሌግራም ሰዎቹን ሰበሰበች። ዓለምነው የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ነበረበት፤ ሞጆ ላይ ጭነት ሲጠብቅ ነው የሚማረው። እድላዊት የምትባል ሐዋሳ ያለች ነርስ፣ ሌሎችም ነበሩ። መሪጌታ ጥምጣማቸውን ጠመጠሙ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ለማያያቸው ሰው መቋሚያቸውን ይዘው ተቀመጡና አንድ ዜማ አነሱ። የኔዓለም ማድቤት ነበረች። እንዝርቷን አስቀምጣ ቆመች። ድምፃቸው ትንሽ ሻክሯል፣ ግን የእሳቸው ድምፅ ነው።

እንግዲህ ከዚያች ቀን ጀምሮ መሪጌታ ቤት ውለው የሚሠሩ ሆኑ፣ የኔዓለም ቤቷን አጣች።

«ሙቀጫውን ተይው፣ ተማሪ አለ» ይላሉ። «በሩን ቀስ አድርጊው፣ ተማሪ አለ።» ተማሪ የሚባለው ግን ጠረጴዛው ላይ የተጋደመ ጥቁር ነገር ነው። የኔዓለም እሱን ሰው ነው ብሎ ማሰብ አቃታት። አንድ ቀን የሚታጠብ ልብስ ስትሰበስብ በበሩ ብቅ ብላ፣

«መሪጌታ፣ ያ የውስጥ ሱሪዎ የት ገባ? ልጠበው» አለች።

ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ የዓለምነው ድምፅ መጣ። «የኔታ፣ እናታችን የጠየቁዎትን ይመልሱላቸው። እኛ እንጠብቃለን።»

ከዚያ በኋላ የኔዓለም ወደዚያ ክፍል ስትገባ በእጅ ምልክት ሆነ።

የመሪጌታ ትልቁ ጣጣ ግን ቡላ ነበር። መሪጌታ ውሻ ይፈራሉ። በተማሪነታቸው ደምበጫ አካባቢ አንዱ ባታቸውን ዘንጥሏቸው፣ ጠባሳው አሁንም ሲበርድ ያሳክካቸዋል። ቡላ በመጣ ሰሞን እግራቸውን ወንበሩ ላይ ሰቅለው ነበር የሚያስተምሩ። ጉልበቴ አይታጠፍም ያሉት ሰውዬ እንዴት እንደ ሰቀሉት የሚያውቀው አምላክ ነው።

«ከበሩ መድረክ እንዳያልፍ» አሉ። «ዳዊት የሚደገምበት ቤት ነው።»

የኔዓለምም አሮጌ ጆንያ አጥፋ ከበሩ ውጭ አነጠፈችለት። በማግሥቱ ጆንያው መድረኩ ላይ ሆኖ አገኘችው። መለሰችው። በሌላው ቀን ከመድረኩ ወዲህ ገብቷል። ይህ ውሻ በጥርሱ እየጎተተው ነው ብላ ቡላን ተቆጣችው። ቡላ ጆሮውን ጥሎ ተወቃሽ ሆነ። ጆንያው ግን መጓዙን አልተወም። ሲውል ሲያድር ከጠረጴዛው እግር ደረሰ።

አንድ ጠዋት ባዶ እግሯን ነበረችና ኮቴዋ አልተሰማም። በበሩ ስታይ፣ መሪጌታ ወንበራቸው ላይ ሆነው በመቋሚያቸው ጫፍ ጆንያውን ጠልፈው ወደ ራሳቸው ይስባሉ። ቡላ ጆንያው ላይ እንደ ተኛ አብሮ ይሳባል። ሲያይዋት መቋሚያውን ብድግ አድርገው ጣሪያውን ነካ ነካ አደረጉ።

«ሸረሪት አድርቶበታል» አሉ።

«አዎ፣ ሸረሪቱ ጅራት አለው» አለች የኔዓለም።

ከዚያ ወዲያ መደበቁም ቀረ። ቡላ አንድ ልማድ አለው፤ ሰው ተቀምጦ ካየ ጭኑ ላይ ካልወጣ ዕረፍት የለውም። የታመመው ጉልበት ላይ ወጥቶ ይጠቀለላል፣ መሪጌታም ጋቢያቸውን ይጥሉበታል። «ለሙቀቱ ነው» ይላሉ። «የሐኪሙ መርፌ እንዲህ አላደረገልኝም።» ሲያስተምሩም አይወርድም። ዜማው ረዘም ብሎ ሲሳብ ከጋቢው ሥር አንገቱን አውጥቶ አብሮ ይስባል።

«የኔታ፣ ከኋላ የሚቀበልዎት ማን ነው?» አለች አንድ ቀን እድላዊት።

«የሰፈር ሰው ነው» አሉ መሪጌታ። የኔዓለም ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ወጣች።

በዚህ መሀል የደብሩ አገልጋይ ቄስ አበረ መልእክት ይዘው መጡ። የደብሩ አለቃ፣ አለቃ አምደሚካኤል፣ የስልኩ ትምህርት አልጣማቸውም። መሪጌታ ያስተማሩት ሰው «ዜማ ዘልቋል» የሚባለው በደብሩ ተፈትኖ ነው። አለቃ የስልክ ተማሪ አልቀበልም ካሉ ጉባኤው ፈረሰ ማለት ነው።

«ምኑ ነው ያልጣማቸው?» አለች የኔዓለም።

«'ረሃብ ያልቀመሰ፣ ውሻ ያላሳደደው፣ እሱን ደግሞ ማን ተማሪ አለው' ነው የሚሉት። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ራሳቸው መጥተው አይተው ይቆርጣሉ። እኔም አብሬ እመጣለሁ።»

ማታ መሪጌታ ራታቸውን ገፋ አደረጉት። የኔዓለም ግድግዳው ትዝ አላት። ሙቀጫውንም ዝምታውንም እችለዋለሁ፣ ያንን ግድግዳ ግን ደግሜ አላይም አለች በሆዷ።

ቅዳሜ ማታ ተማከሩ። ስልኩን አለቃ በዓይናቸው ቢያዩት ይወዱት ይሆናል። ዳዊት ካለበት ቤት ውሻ ተጠቅልሎ ተኝቶ ካገኙ ግን ሌላ ማየት አያስፈልጋቸውም። ስለዚህ ቡላ መታየት የለበትም።

እሁድ የኔዓለም ለቡላ አጥንት ሰጥታ ማድቤት አስገባችውና ትልቁን ቅርጫት ደፋችበት። ድንጋይ ልትጭንበት አስባ ነበር። ድንጋዩን ልታመጣ ስትወጣ ግን ከውጭ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማች፤ ድንጋዩ እዚያው ቀረ።

አለቃ አምደሚካኤል ግዙፍ ሰው ናቸው። ነጭ ጥምጣም፣ ጥቁር ካባ፣ እጃቸው ላይ ጭራ። ቄስ አበረ ከኋላቸው። ጉባኤው ተጀምሯልና መሪጌታም ስልኩን በእጃቸው እንደ ያዙ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ እንግዳ ለመቀበል እስከ መድረኩ ወጡ።

«ይግቡ፣ ይግቡ አለቃ» አለች የኔዓለም።

አለቃ ግቢው መሀል ሲደርሱ ከማድቤቱ ቅርጫት ወጣ።

ቅርጫቱ ይሮጣል። ቅርጫቱ ይጮኻል። በር በሩን ሳይሆን ቀጥታ ወደ አለቃ ነው የሚመጣው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ሌላ ሰው ቢሆን ይሸሻል፣ ወይም ድንጋይ ያነሳል፣ ወይም ይስቃል። እነዚህ ግን በልጅነታቸው የጎጃም ውሻ ሁሉ ያስተማራቸው ሰዎች ናቸው። ጩኸቱን ሲሰሙ ራሳቸው አላሰቡም፣ እግራቸው አሰበላቸው። አለቃ አምደሚካኤል ከነካባቸው መሬት ላይ ዘጭ አሉ። ቄስ አበረ ከጎናቸው ዘጭ አሉ። መሪጌታ አካለ ወልድ፣ የራሳቸው ውሻ መሆኑን እያወቁ፣ ያ አልታጠፍ ያለ ጉልበት እጥፍ ብሎላቸው መድረኩ ላይ ዘጭ አሉ። ሦስቱም ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከስልኩ ድምፅ መጣ። «የኔታ፣ ምን ሆኑ?»

«ውሻ መጣ» አሉ መሪጌታ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ተቀመጡ።»

«እኔ ሞጆ ነኝ እኮ፣ የኔታ» አለ ዓለምነው።

«ተቀመጥ አልኩህ።»

ተቀመጠ። ኋላ ሲናገር፣ ከመኪናው ጎማ ሥር አስፋልቱ ላይ ቁጭ ሲል ያየው ሰው ሁሉ ጎማ ፈንድቶበት የሚያለቅስ መስሎት ነበር።

ቅርጫቱ አንድ ጠጠር መታውና ተገለበጠ። ቡላ ወጣ፣ ጆሮውን አራገፈ። ግቢው ውስጥ ሦስት ሰው ተቀምጦ ሲያይ ዓለም የተሰጠው መሰለው። ማንን እንደሚመርጥ ጥቂት አሰበ። ሰፊው ጭን የአለቃ ነው።

«አንተ አካለ ወልድ» አሉ አለቃ በቀጭን ድምፅ። አብረው የተማሩ ናቸውና ከድንጋጤ ብዛት ማዕረጉ ሁሉ ከአፋቸው ጠፋ፤ የአኩፋዳው ዘመን አጠራር ነው የወጣው። «የሆነ ነገር እላዬ ወጥቷል። ምን እያደረገኝ ነው?»

«እየዞረ ነው።»

«ለምን ይዞራል?»

«ሊተኛ ነው። ከመተኛቱ በፊት ይዞራል።»

«የት ነው የሚተኛው?»

«አንተው ላይ ነዋ።»

አለቃ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። ካባቸው ላይ ሁለት ጆሮ አዩ። ሁለተኛውንም ገለጡ።

«ይህን ነው የሸሸነው?» አሉ።

«አልሸሸንም፣ ተቀመጥን እንጂ» አሉ ቄስ አበረ። እሳቸው ገና አልገለጡም።

የኔዓለም ከማድቤቱ ጥግ ቆማለች። መድረኩ ላይ ባሏ ዓይናቸውን ጨፍነው ቁጭ ብለዋል፤ ጥምጣማቸው ወደ አንድ ጎን ጋደል ብሏል፣ አገጫቸው ትንሽ ወጣ ብሏል፣ ልክ እንደዚያን ቀን። ጢማቸው ነጭ ነው እንጂ ፊቱ ያው ነው። ቡላን መጥራት ነበረባት። ቶሎ አልጠራችውም።

ስትጠራውም አልመጣም። የአለቃ ካባ ወፍራም ነው፣ ጥቅምት ነው፣ ብርድ ነው። አለቃም እንዲወሰድላቸው ሊጠይቁ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። የተኛ ውሻ መቀስቀስ በተማሪ ወግ የለም።

«ይህ ስልክ አሁን ይሰማል?» አሉ።

«ይሰማል።»

«እንግዲያ ያስተምሩ። ለዚሁ አይደል የመጣሁት?» ማዕረጉ ተመልሷል።

ጉባኤው ግቢው ውስጥ፣ መሬት ላይ ተዘረጋ። ዓለምነው ከሞጆ ዜማውን አነሳ። የሹፌር ድምፅ ነው፣ ጥሩንባ ይነካዋል፣ ግን ልብ አለው። አለቃ ጭራቸውን አንስተው አየሩን እየለኩ ሰሙት። ርክርክ ከሚባለው፣ ድምፅ ከሚንቀጠቀጥበት ቦታ ሲደርስ ዓለምነው ዘሎት አለፈ።

«መልስ!» አሉ መሪጌታም አለቃም እኩል።

መለሰ። ደግሞ ዘለለው። አለቃ ስልኩ እንዲመጣላቸው እጃቸውን ዘረጉ። የኔዓለም ከመሪጌታ ተቀብላ ሰጠቻቸው። አለቃ ስልኩን ገልብጠው ይዘው ዜማውን ራሳቸው አነሱት። እንዴት ያለ ድምፅ ነው። ርክርኩን አንቀጥቅጠው ወደ ረጅሙ ሲገቡ፣ ከጭናቸው ላይ አንድ አፍንጫ ወደ ሰማይ ተነሳና አብሮ ሳበ።

አለቃ አቆሙ። ቡላም አቆመ። አለቃ ቀጠሉ። ቡላም ቀጠለ።

«ይሄ ከማን ነው የተማረው?» አሉ።

መሪጌታ መሬት መሬቱን አዩ። «ከእኔ።»

«ርክርኩን ይዘላል።»

«ከዓለምነው ነው የለመደው።»

«የኔታ፣ እኔን ነው የሚያሙኝ?» አለ ስልኩ። «ያ የሰፈር ሰው ማለት እሱ ነው?»

በመጀመሪያ የሳቁት ቄስ አበረ ናቸው። አለቃ ላለመሳቅ ጭራቸውን ነከሱ፣ አልሆነላቸውም፤ ሆዳቸው ሲንቀጠቀጥ ቡላ ከፍና ዝቅ አለ። የኔዓለም ጠላ አመጣች። እዚያው መሬት ላይ ጠጡ። መቀመጡ አምሯቸው ሳይሆን፣ አለቃ ከክብደታቸው፣ መሪጌታ ከጉልበታቸው የተነሳ መነሳት ስላቃታቸው ነው። እያንዳንዱን ለማቆም የኔዓለምና ቄስ አበረ በግራና ቀኝ ገብተው መጎተት ነበረባቸው።

አለቃ ካባቸውን እያራገፉ በሩ ድረስ ሄዱ። የኔዓለም ተከተለቻቸው። ያልተጠየቀ ነገር ሆዷ ውስጥ ቀርቷል።

«አለቃ፣ ታዲያ ምን ቆረጡ?»

«እመት የኔዓለም፣ እኔ ያልኩት ምን ነበር? ውሻ ያላገኘው ተማሪ አይባልም ነው ያልኩ።» ወደ ኋላ ዞረው ቡላን አዩት። «ጉባኤው ውሻ አለው። ይማሩ። ለፈተና ግን ሁሉም እዚህ ይምጡ። በዚህ በር ይገባሉ፣ እሱንም ያልፋሉ።»

«ማለፍ ከባድ አይደለም፣ አለቃ።»

«እኔ አላለፍኩትም» አሉና ሄዱ።

ጥር ላይ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ተማሪዎቹ መጡ። ዓለምነው እስከዚያ ድረስ ለየኔዓለም ድምፅ ብቻ ነበር፤ በበሩ ጎንበስ ብሎ ሊገባ የሚታገል ግዙፍ ሰው ሆኖ ተገኘ። እድላዊት ከእሱ ኋላ፣ ሌሎቹም በተርታ። መሲ ቤት ካገኘች ቆይታለች፤ ቡላን ግን ማንም አላነሳባት፣ እሷም አልጠየቀች።

መሪጌታ ወንበራቸውን መድረኩ ላይ አስወጥተው፣ መቋሚያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ይጠብቃሉ። አለቃ አምደሚካኤል አጠገባቸው፣ ወንበር ላይ፣ አስቀድመው ተቀምጠዋል።

«ጉልበትዎን ይሸፍኑት፣ ይበርድዎታል» አለች የኔዓለም።

«ሙቀቱ ሥራ ላይ ነው» አሉ መሪጌታ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ውሻ መጣ። ተቀመጡ። ዓይናችሁን ጨፍኑ።»

ተማሪዎቹ በሙሉ በአጥሩ ሥር ተደርድረው ዘጭ አሉ። ቡላ ከጆንያው ተነሳ፣ ጆሮውን አራገፈ፣ ከዳር እስከ ዳር እየዞረ ጭናቸውን ይመረምር ጀመር። የኔዓለም ጠላ ልታመጣ ወደ ማድቤት ሄዳ፣ ማሰሮውን በእጇ እንደ ያዘች፣ በግድግዳው ስንጥቅ ማን እንደሚመረጥ ልታይ ቆመች።